ቻይናዊው ወላጅ ልጁን ወደ ባሕር ማዶ ለመላክ የሚከፍለው ዋጋ



በየመሥሪያ ቤቱ በሻይ ሰዓት ስለ ልጆች ትምህርት ጨዋታ በተነሣ ቍጥር የቻይና ወላጆች ስም ሳይጠራ አያልፍም። አንዱ «ቻይናዎች ልጃቸውን ለማስተማር ቤታቸውን ይሸጣሉ» ይላል፤ ሌላው «ልጁ ዳዴ ማለት ሳይጀምር ሀርቫርድን ያስቡለታል» ብሎ ይጨምራል፤ ሦስተኛው ደግሞ እኛ እንዲህ ባለማድረጋችን ወደ ኋላ መቅረታችንን አስረድቶ ሻዩን ይጨርሳል። የተባለው ሁሉ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን ምስጋናው ከመብዛቱ የተነሣ ነገሩ ለምን እንደ ተጀመረ፣ እንዴት እንደሚሠራ፣ ማንንስ እንደሚጐዳ የሚጠይቅ ሰው ስላላገኘሁ፣ የማውቀውን ያህል ለአንባብያን ለመግለጽ ብዬ ይህችን ጽሑፍ አቅርቤአለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አሳስባለሁ።

አሳቤን በግልጽ ለመናገር እኒያን ወላጆች የምነቅፍ ሰው አይደለሁም። በነሱ ቦታ ብሆን እኔም እንደነሱ አደርግ ይሆናል። የምነቅፈው፣ ልጁ የሚገባበት መንገድ መመለሻ የሌለው መሆኑን እያወቁ ይህንኑ ሳይናገሩ ገንዘብ የሚቀበሉትን ትምህርት ቤቶችና ደላሎች ነው። ደግሞም የመንገዱን መዝጊያ በእጃቸው ይዘው፣ መንገደኛው ከመካከል ከደረሰ በኋላ የሚዘጉትን መንግሥታት ነው።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ፈተናቸውን ማወቅ ያስፈልጋል። ቻይና ሹማምንቷን በጽሑፍ ፈተና መምረጥ የጀመረችው በሱይ ነገሥታት ዘመን፣ በሰባተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ገደማ ሲሆን ይህ ሥርዓት እስከ 1905 ቈይቷል። ከአንድ ሺህ ሦስት መቶ ዓመት ያላነሰ ዘመን የገበሬ ልጅም ቢሆን መጽሐፉን አጥንቶ ፈተናውን ካለፈ ሹመት ያገኝ ነበር ማለት ነው። በተግባር ሀብታሙ ልጁን የማስጠናት ብልጫ እንደ ነበረው የታወቀ ነው፤ ሆኖም ተስፋው ለሁሉም ነበር። ስለዚህ ለቻይናዊ ቤተ ሰብ ፈተና ማለት እንዲያው የትምህርት ቤት ጕዳይ አይደለም፤ የዘር መነሻና መውደቂያ ነው። ዛሬ ጋኦካኦ የሚባለው የዩኒቨርስቲ መግቢያ ፈተና በ1966 የባህል አብዮት በተባለው ሁከት ጊዜ ተቋርጦ፣ ብዙ ወጣት ወደ ገጠር ተልኮ፣ ከዐሥራ አንድ ዓመት በኋላ በ1977 ዴንግ ሺያዎፒንግ እንደ ገና እንዲሰጥ አደረጉት። በዚያ ክረምት ወደ 5 ሚሊዮን 700 ሺህ የሚሆን ሰው ተቀምጦ ያለፈው 270 ሺህ ያህል ነበር፤ ከመቶ አምስት እንኳ አይሞላም። በኋላ በቻይና ሚኒስትርና ፕሮፌሰር ከሆኑት ሰዎች መካከል ብዙዎቹ የዚያች ክረምት ልጆች ናቸው።

አሁን ነገሩ በሌላ መልክ ከብዷል። በ2024 ለዚህ ፈተና የተመዘገበው 13 ሚሊዮን 420 ሺህ ሕዝብ ነው። ዩኒቨርስቲዎቹ በጣም ስለ በዙ አንድ ቦታ ማግኘት እንደ ዱሮው ጭንቅ አይደለም፤ ጭንቁ የትኛው ዩኒቨርስቲ የሚለው ነው። ስማቸው ገኖ የሚጠራው ቺንግዋና የፔኪንግ ዩኒቨርስቲ ሁለቱ ተደምረው ከሺህ ተፈታኞች ለአንዱ እንኳ ቦታ የላቸውም። በዚህ ላይ ቦታው በየክፍለ ሀገሩ በኮታ የተከፈለ ነው። ሄናን በሚባለው ክፍለ ሀገር ብቻ በዚያው ዓመት ከ1 ሚሊዮን 300 ሺህ በላይ ልጆች ሲፈተኑ፣ በቤጂንግ ከተማ የተፈተኑት 70 ሺህ አይሞሉም ነበር፤ ታላላቆቹ ሁለቱ ዩኒቨርስቲዎች ግን ያሉት ቤጂንግ ስለ ሆነ የከተማይቱ ልጅ ዕድሉ ከሄናኑ ልጅ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። እንግዲህ የሄናኑ አባት ሠርቶ ሀብት አግኝቶ ቤጂንግ ቢኖርም «ሁኮ» የሚሉት የመኖሪያ መዝገቡ ያለው በትውልድ ስፍራው ከሆነ፣ ልጁ ተመልሶ መፈተን ያለበት እዚያው ነው። ከዚህም በፊት ልጁ ዐሥራ አምስት ዓመት ሲሆነው ሌላ ፈተና ይጠብቀዋል፤ በዚያ ፈተና ከወደቀ ወደ ሙያ ትምህርት ቤት ይላካል እንጂ ጋኦካኦ ወደሚያዘጋጀው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አይገባም። ለልጁ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ድረስ መብራት የሚበራለት በዚህ ምክንያት ነው። ይህን ሁሉ አይቶ ገንዘብ ያለው አባት በሌላ በር ልውጣ ቢል የሚያስገርም አይደለም።

ያ ሌላው በር ሦስት ዐይነት ነው። አንደኛው የውጭ አገር ሰዎች ልጆች ብቻ የሚማሩበት ትምህርት ቤት ሲሆን የቻይና ፓስፖርት የያዘ ልጅ አይገባበትም፤ ቻይና ደግሞ ሁለት ዜግነት ስለማትቀበል አንዳንዱ ሀብታም ልጁን የሌላ አገር ዜጋ አድርጎ እስከ ማስገባት ደርሷል። ሁለተኛው በቻይንኛና በእንግሊዝኛ የሚያስተምር የግል ትምህርት ቤት ነው። ሦስተኛው በታወቁት የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ግቢ ውስጥ ለብቻው የተከፈለ «ዓለም አቀፍ ክፍል» የሚባለው ነው፤ በአንድ ደወል ከሚገቡት ልጆች ግማሾቹ ለጋኦካኦ ሲያጠኑ፣ ግማሾቹ በዚያው ግቢ በሌላው ሕንጻ የእንግሊዙን ኤ ሌቭል ወይም የአሜሪካውን ኤ ፒ ይማራሉ። በቤጂንግና በሻንጋይ የታወቀ የግል ትምህርት ቤት የዓመት ክፍያ ከ200 ሺህ እስከ 300 ሺህ ዩዋንና ከዚያም በላይ ነው። በ2024 የአንድ ቻይናዊ አማካይ የዓመት ገቢ 41 ሺህ 314 ዩዋን ነበር። ስለዚህ ለአንድ ልጅ የአንድ ዓመት ትምህርት ከአምስት እስከ ሰባት ሰዎች የዓመት ገቢ ይወጣል ማለት ነው። በኋላ የሚመጣው የአሜሪካ የግል ዩኒቨርስቲ ወጪ፣ መኖሪያውን ጨምሮ በዓመት ከ80 ሺህ ዶላር በላይ የሚሆነው፣ ገና አልተነካም።

አንባብያን እንዲያስተውሉልኝ የምፈልገው ግን ገንዘቡን አይደለም። ልጁ በዚህ በር ከገባ በኋላ ለጋኦካኦ አይዘጋጅም፤ ሊዘጋጅም አይችልም፤ ሁለቱ ትምህርቶች አይገናኙምና። ለቻይና ዜጋ በአገሩ ዩኒቨርስቲ መግቢያው ደግሞ ጋኦካኦ ነው። የኒው ዮርክ ዩኒቨርስቲ በሻንጋይ የከፈተው ኮሌጅ እንኳ የአገሩን ልጆች ሲቀበል ይህን ፈተና ይጠይቃል። እንግዲህ በዐሥራ አምስት ዓመቱ፣ አንዳንዴም በስድስት ዓመቱ፣ አባትና እናት ስለሱ ቈርጠው አገሩ ካለው ዩኒቨርስቲ ሁሉ አስወጡት ማለት ነው። ከዚያ በኋላ አሜሪካ ወይም እንግሊዝ ካልተቀበለው ተመልሶ የሚቀመጥበት ወንበር የለውም። ሻይ ላይ ስንጫወት ይህን የሚያነሣ ሰው እስከ ዛሬ አልሰማሁም።

ልጁን ለዚያ ለማብቃት የሚደረገው ዝግጅትም ራሱን የቻለ ንግድ ሆኗል። የአሜሪካ ዩኒቨርስቲዎች ብዙ ጊዜ የሚጠይቁት ኤስ ኤ ቲ የተባለው ፈተና በዋናው ቻይና ለአገሩ ዜጎች ስለማይሰጥ፣ ልጆቹ ከነወላጆቻቸው በአውሮፕላን ወደ ሆንግ ኮንግ፣ ወደ ማካዎ ወይም ወደ ሲንጋፖር እየሄዱ ነው የሚፈተኑት፤ በሆንግ ኮንግ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ባለው ትልቅ የኤግዚቢሽን አዳራሽ ብዙ ሺህ ልጆች በአንድ ቀን ተሰልፈው ይቀመጡ ነበር። ፈተናው ብቻ ስለማይበቃ ልጁ ቫዮሊን ይማራል፣ ሻሞላ ይማራል፣ ሮቦት ይሠራል። በጎ አድራጊ መሆኑም መታየት ስላለበት በበጋ ዕረፍቱ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ መጥቶ ለሁለት ሳምንት የድኻ ልጆች ትምህርት ቤት ግድግዳ ቀብቶ፣ ፎቶግራፍ ተነሥቶ ይመለሳል፤ ያንንም በማመልከቻው ድርሰት ላይ ይጽፈዋል። እኛ አፍሪካውያን ሳናውቀው የሰው ልጅ ማመልከቻ ማሳመሪያ ሆነናል። ድርሰቱንም ቢሆን ልጁ ራሱ ይጽፈዋል ማለት አይደለም፤ ብዙ መቶ ሺህ ዩዋን ተቀብሎ ከምክር እስከ ድርሰት «የሚያግዝ» ደላላ በየከተማው አለ።

ይህ ምኞት በሕዝቡ ዘንድ እንዴት እንደ ተስፋፋ ለማወቅ በ2000 የታተመውን «የሀርቫርድ ልጅ» በሚል ስም የታወቀውን መጽሐፍ ማስታወስ ይበቃል። ከቼንግዱ ከተማ አንዲት ልጅ ሀርቫርድ ገብታ፣ ወላጆቿ እንዴት እንዳሳደጓት የጻፉት ነው። ትዕግሥት እንድትለምድ በረዶ በእጇ እያስያዙ ደቂቃ ይቈጥሩባት እንደ ነበር በመጽሐፉ ተተርኳል። መጽሐፉ በብዙ መቶ ሺህ ተሸጠ፤ ተመሳሳዮቹም ተከታትለው ወጡ። በየቤቱ ስንት ሕፃን በረዶ እንደ ጨበጠ እግዚአብሔር ይወቀው።

ምኞት ሲበዛ ሌባ አያጣም። በ2019 በአሜሪካ ሪክ ሲንገር የተባለ ሰው በጉቦና በሐሰት ማስረጃ የሀብታም ልጆችን ወደ ታላላቅ ዩኒቨርስቲዎች ሲያስገባ በተያዘ ጊዜ፣ ከሁሉ የሚበልጠውን ገንዘብ፣ 6 ሚሊዮን ተኩል ዶላር፣ የከፈለው አንድ የቻይና ቤተ ሰብ ሆኖ ተገኘ፤ ሌላው ደግሞ 1 ሚሊዮን 200 ሺህ ከፍሎ ነበር። ከአሜሪካውያኑም መካከል ስመ ጥር ተዋናዮችና ነጋዴዎች ታስረዋልና ይህ የቻይናዎች ብቻ ነውር አይደለም። ሲንገር ራሱ በ2023 ሦስት ዓመት ከመንፈቅ ተፈርዶበታል።

በ2018 እኔም ለሦስት ሳምንት ሥልጠና ቤጂንግ ሄጄ ነበር። ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት ለመንግሥት ሠራተኛ ይህ ዐይነቱ ዕድል አልፎ አልፎ ይገኛል። የመሩን ወይዘሮ እንደኛው የመንግሥት ሠራተኛ ናቸው፤ ባላቸው መሐንዲስ ነው፤ ያላቸው አንዲት ሴት ልጅ ብቻ ናት፤ ልጅቱ በተወለደችበት ዘመን ሕጉ ከአንድ በላይ አይፈቅድም ነበርና። ልጅቱን በዓለም አቀፍ ክፍል ለማስገባት ከባላቸው ወላጆች የቀረውን አፓርትመንት እንደ ሸጡ በእንግሊዝኛ አጫወቱኝ። ለጋኦካኦ ማጥናቷን ካቆመች ወዲህ ሌሊት እንቅልፍ ያጣችው ልጅቱ ሳትሆን እሳቸው መሆናቸውን ጨምረው ነገሩኝ። አንድ ቀን ልጅቱን ለምሳ ይዘዋት መጡ። እንግሊዝኛዋ ከኛ ሁሉ ይበልጣል። ምን ማጥናት ትፈልጊያለሽ ብላት እናቷን ቀና ብላ አየች፤ የትኛው የትምህርት ክፍል ለመግባት እንደሚቀል አማካሪዋ ገና እያጠናላት መሆኑን በትሕትና መለሰችልኝ። በ2020 አንድ የአሜሪካ ዩኒቨርስቲ ተቀበላት። ወረርሽኙ መንገድ ስለ ዘጋ ግን የመጀመሪያውን ዓመት የተማረችው ቤጂንግ፣ በመኝታ ክፍሏ፣ የዚያ አገር ቀን የሷ አገር ሌሊት ነውና ሌሊት ሌሊት እየተነሣች ነው። የትምህርቱ ክፍያ አልተቀነሰላትም። ወይዘሮዋ ይህን ሲጽፉልኝ አላማረሩም፤ ልጅቱ ከቤት ሳትርቅ አንድ ዓመት መቈየቷን እንደ ትርፍ ቈጥረውታል።

ወደ መንግሥታቱ ልመለስ። ቻይና በ2016 የግል ትምህርት ሕጓን አሻሽላ በዘጠኙ የግዴታ ዓመታት ውስጥ ለትርፍ የሚሠራ ትምህርት ቤት ከለከለች። በመስከረም 2021 የጸና ደንብ ደግሞ በእነዚሁ ክፍሎች የውጭ አገር መማሪያ መጽሐፍ እንዳይገባ፣ የውጭ ሰውም ትምህርት ቤቱን እንዳይቈጣጠር አዘዘ። ሀሮው በሚለው የእንግሊዝ ስም ቤጂንግ ውስጥ ለአገሩ ልጆች የተከፈተው ትምህርት ቤት በ2022 ስሙን ሊዴ ብሎ ለወጠ። በዚያው በ2021 በሐምሌ ወር የወጣው ትእዛዝ የትርፍ ጊዜ ማስጠናትን ንግድ በአንድ ቀን መታው። በ1993 በዩ ሚንሆንግ የተቋቋመውና ቶፍል በማስጠናት የከበረው ኒው ኦሪየንታል 60 ሺህ ሠራተኛ አሰናበተ፤ ከዚያ ወዲያ የእንግሊዝኛ መምህራኑ በኢንተርኔት ሩዝና ፍራፍሬ ሻጮች ሆኑ። ዩ ሚንሆንግ ራሳቸው ጋኦካኦን ሁለት ጊዜ ወድቀው በሦስተኛው ያለፉ፣ አሜሪካ ለመሄድም ቪዛ የተከለከሉ ሰው መሆናቸውን ስናስብ ነገሩ ያስቃልም ያሳዝናልም።

በሕጉ አሳብ ላይ ብዙ ክርክር የለኝም። ሀብታሙ ለብቻው ትምህርት ቤት፣ ድኻው ለብቻው መሆኑ ለአንድ አገር መልካም አይደለም፤ የአስጠኚም ወጪ ብዙ ቤተ ሰብ ሁለተኛ ልጅ እንዳይወልድ አድርጎ ነበር። ክርክሬ በአፈጻጸሙ ላይ ነው። በአምስተኛ ክፍል ያለ ልጅ እስከዚያ ቀን በእንግሊዝኛ ሲማር ቈይቶ መጽሐፉ ሲለወጥበት፣ ወደ ኋላ ተመልሶ ከእኩዮቹ ጋር በቻይንኛ ይወዳደር ወይስ ወደፊት ይሂድ? ወላጆቹ ያላቸው ምርጫ ቶሎ ወደ ውጭ ማስወጣት ብቻ ነው። እናትየዋ ሥራዋን ትታ ልጇን ተከትላ በሰው አገር ቤት ተከራይታ ትኖራለች፤ አባትየው ብቻውን ቀርቶ ገንዘብ ይልካል። አስጠናቂ እናት የሚል ስም እንኳ ወጥቶላቸዋል። እንግዲህ በልጁ ትምህርት ምክንያት ትዳሩ በሁለት ክፍለ ዓለም ተከፍሎ ማለት ነው።

የመንግሥት ሠራተኛ ሆኜ አንድ ነገር ሳላነሣ ባልፍ ይቈጨኛል። በቻይና ሚስቱና ልጆቹ ውጭ አገር የሚኖሩ፣ እሱ ብቻውን በወንበሩ ላይ የቀረ ሹም «ራቁት ሹም» ይባላል። ስሙን ያወጣለት ሕዝቡ ነው። በደመወዙ የማይቻለውን የልጅ ወጪ ከየት ያመጣል የሚለው ጥያቄ ስለ በረታ፣ በ2014 እንዲህ ያለው ሰው የሹመት ዕድገት እንዳያገኝ ተከለከለ፤ በጓንግዶንግ ክፍለ ሀገር ብቻ ከ800 በላይ የሚሆኑ ሹማምንት ከቦታቸው ተነሡ። ከዚያ በፊት በ2013 የቾንግቺንግ ከተማ የፓርቲ ሹም የነበሩት ቦ ሺላይ በጉቦና ገንዘብ በማጥፋት ዕድሜ ልክ ሲፈረድባቸው፣ በእንግሊዝና በአሜሪካ ታላላቅ ትምህርት ቤቶች ይማር የነበረው የልጃቸው ወጪ በአንድ ነጋዴ ይከፈል እንደ ነበር በችሎት ተነግሯል። ነጋዴ የከፈለው የልጅ ትምህርት አንድ ቀን በችሎት ዋጋውን ይጠየቃል። ይህን የምጽፈው ማንንም ለመውጋት አይደለም፤ የሚገባው ይገባዋል።

በወዲያኛው ዳር ያለው በርስ እንዴት ነው? በ2019 የትምህርት ዓመት አሜሪካ ውስጥ 372 ሺህ 532 ቻይናውያን ተማሪዎች ነበሩ። በ2024 በተጀመረው የትምህርት ዓመት 265 ሺህ 919 ሆነዋል፤ ከመቶ ሺህ የሚበልጥ ሰው ጐደለ ማለት ነው፤ ሕንዶችም ቀድመዋቸዋል። በ2020 ከጦር ኀይሉ ጋር ግንኙነት አላቸው ከተባሉ ተቋማት የሚመጡ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች እንዳይገቡ ታገደ። በግንቦት 2025 የአሜሪካው የውጭ ጕዳይ ሚኒስትር የቻይና ተማሪዎችን ቪዛ በብርቱ እንሰርዛለን አሉ፤ በዚያው ወር ሀርቫርድ የውጭ ተማሪ እንዳይቀበል መንግሥቱ ከልክሎ ፍርድ ቤት አስቆመው፤ ሦስት ወር ሳይሞላ ደግሞ ፕሬዚዳንት ትራምፕ 600 ሺህ የቻይና ተማሪዎች ይምጡ አሉ። እንዲህ ያለው ዐዋጅ በጧት ወጥቶ በማታ በሚለወጥበት ጊዜ፣ ዐሥራ ሁለት ዓመት የተዘጋጀ ልጅ በየትኛው ቀን ወረፋው እንደሚደርስ ማን ያውቃል?

ተምሮ የተመለሰውም ቢሆን እንደ ዱሮው አልጋ አልተነጠፈለትም። ቻይናዎች ከውጭ ተምሮ የተመለሰውን «ሃይግዊ» ይሉታል። ቃሉ «ከባሕር ማዶ ተመላሽ» ማለት ሲሆን በድምፁ ግን «የባሕር ዔሊ» ከሚለው ጋር አንድ ነው። ተመልሶ ሥራ ፈትቶ የተቀመጠውን ደግሞ «ሃይዳይ» ይሉታል፤ ይህም «ከባሕር ማዶ መጥቶ ጠባቂ» ሲሆን በድምፁ ውሃ ወዲያና ወዲህ የሚያንገላታው የባሕር ቅጠል ነው። ሰምና ወርቅ ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ቅኔው ሳይፈታ አያድርም። ዱሮ ዔሊው ይበዛ ነበር፤ ዛሬ ቅጠሉ በዝቷል። በሰኔ 2023 በከተማ ካለው ወጣት ከመቶው 21 ያህሉ ሥራ ፈት መሆኑ ከተነገረ በኋላ መንግሥቱ ቍጥሩን ማውጣት ለጥቂት ወራት እስከ ማቆም ደርሶ ነበር። በሚያዝያ 2025 ግሪ የተባለው ታላቅ የአየር ማቀዝቀዣ ፋብሪካ መሪ ወይዘሮ ዶንግ ሚንግጁ፣ በመካከላቸው ሰላይ ሊኖር ስለሚችል ከውጭ የተመለሰ ሰው ከቶ አልቀጥርም ብለው በአደባባይ ተናገሩ። በሌላ በኩል የሻንጋይ ከተማ በ2022 በዓለም ከተቈጠሩት ኀምሳ ታላላቅ ዩኒቨርስቲዎች ለተመረቀ ሁሉ የከተማይቱን የመኖሪያ መዝገብ በቶሎ እሰጣለሁ ብላ ነበር። አንዱ ሰላይ ይለዋል፤ አንዱ የመኖሪያ መዝገብ ሊሰጠው ይሮጣል። ወላጁ የዩኒቨርስቲውን ትምህርት ሳይሆን የስሙን ተራ ቍጥር የሚያጠናው በዚህ የተነሣ ነው።

እነዚህን ወላጆች አገራቸውን የማይወዱ ናቸው የሚላቸው ሰው በዚያም በዚህም አላጣም። በዚህ አልስማማም። በ1854 ከዬል ዩኒቨርስቲ የተመረቀው ዩንግ ዊንግ መንግሥቱን አስፈቅዶ ከ1872 ጀምሮ 120 ወንዶች ልጆችን ወደ አሜሪካ አስላከ። ልጆቹ ፈረንጅ ሆኑ፣ የእግዚአብሔርን ቃል ተማሩ፣ ኳስ መጫወት አበዙ ተብሎ በ1881 አብዛኞቹ ሳይጨርሱ ተጠሩ፤ ሲደርሱም እንደ ጥፋተኛ ነበር የተቀበሏቸው። ከነዚያ አንዱ ግን ዣን ቲየንዮው ነው፤ ከቤጂንግ እስከ ዣንግጂያኮው ያለውን በተራራ ላይ የሚወጣ የባቡር ሐዲድ የውጭ መሐንዲስ ሳያዘው ሠርቶ በ1909 አስረከበ። ሌላው ታንግ ሻዎዪ በ1912 የሪፐብሊኩ የመጀመሪያ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ። ዛሬ ልጅ ሁሉ ሊገባበት የሚሞተው ቺንግዋ ራሱ በ1911 የተመሠረተው ወደ አሜሪካ የሚሄዱ ተማሪዎችን ለማዘጋጀት ነው። ከዚያ ገንዘብ ተረድቶ በ1935 የሄደው ችየን ሹዌሰን በ1955 ተመልሶ የቻይናን ሮኬት መሠረተ። ዴንግም በ1978 ተማሪ በሺህ እየቈጠርን እንላክ ሲሉ ሁሉም እንደማይመለስ ያውቁ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ እስከ 2019 ድረስ 6 ሚሊዮን ተኩል የሚሆን ሕዝብ ሄዷል፤ ከጨረሱትም አብዛኞቹ ተመልሰዋል።

ልዩነቱ ግን ይህ ነው። ዣን ቲየንዮውን የላከው መንግሥት ስለ ነበረ፣ ሲጠራውም ቢቈጣውም ቦታ ነበረው። የዛሬውን ልጅ የላከው አባቱ ነው፤ ካልተሳካ የሚጠራው የለም። ትርፉ ሲመጣ አገር ይካፈለዋል፤ ኪሳራው ግን የአንድ ቤት ብቻ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ እኔ በበኩሌ የቻይና መንግሥት ያን መንገድ ከሚዘጋው ይልቅ መመለሻ ቢያበጅለት፣ ይኸውም በውጭ ፈተና ጥሩ ውጤት ያመጣ የአገሩ ልጅ በአገሩ ዩኒቨርስቲ በተወሰነ ቍጥር የሚገባበት ሥርዓት ቢያወጣ፣ የብዙ እናቶች እንቅልፍ ይመለስ ነበር ብዬ አምናለሁ። የሄናኑ ገበሬ ልጅ በዚህ ይጐዳል የሚል ቢኖር እውነት አለው፤ ስለዚህም የሚሰጠው ቦታ ከቤጂንግና ከሻንጋይ ኮታ ላይ ይነሣ እላለሁ፤ የዓለም አቀፍ ክፍል ልጆች የሚበዙት እዚያ ነውና።

በኛም ከተማ ልጅህን ካናዳ፣ ልጅሽን አሜሪካ እናስገባለን የሚል ማስታወቂያ በየፎቁ ተለጥፎ እናያለን። በባለፈው ወር አንድ የሥራ ባልደረባዬ የጡረታ ዕድሜው ሳይደርስ የሠራውን ቤት ለመሸጥ አስማምቶ አማክሮኛል። የቻይናዎቹን ጠቅሶ ነበር የመጣው። አትሽጥ አላልኩትም፤ ቤቱ የሱ ነው፤ ልጁም የሱ ነው። ወደ ደላላው ተመልሶ አንድ ነገር ብቻ እንዲጠይቅ ነገርኩት። ደላላው የላካቸውን ልጆች ፎቶግራፍ በግድግዳው ላይ ሰቅሏል፤ ቪዛ የተከለከሉትና ከመንገድ የተመለሱት ስንት እንደ ሆኑ፣ ዛሬስ የት እንደሚማሩ በጽሑፍ ይስጥህ፤ ከሰጠህ ያን ጊዜ ስለ ቤቱ እንነጋገራለን አልሁት። እስከ ዛሬ ድረስ ወረቀቱን አላመጣም።

አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከአዲስ አበባ